ሦስት ጊዜ ያልተጠየቀ ሕመም

አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆዳ ሐኪም ዘንድ በወሰድሁት ቀን ጠዋት ገላውን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ይህን ነገር ዛሬም ድረስ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ከእንፍራንዝ ወዲያ ካለው መንደራችን በዋዜማው መጥቶ ጎንደር፣ አራዳ ካለችው ጠባብ ቤቴ አድሮ ነበር። ውኃ አሙቄ፣ ጀርባውን በሳሙና ፈትጌ፣ ሲደርቅ ቫዝሊን ቀባሁት። ጀርባውና ቀኝ ክንዱ ላይ የነበሩት ነጣ ያሉ ደረቅ ቦታዎች በቅባቱ ወዝተው ከሌላው ገላው ጋር ሊመሳሰሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ደስ አለኝ። ሐኪም ፊት አፈር የለበሰ ገላ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ «ልጁ ምን ትሠራለች?» ያስብላል። ያን ጊዜ የታየኝ ይኸው ብቻ ነበር።

«ልትድሪኝ ነው እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«ዝም በል፤ ሸጋ ሆነህ ነው የምትሄድ» አልሁት።

እንዲታከም የወተወተችው እናቴ ናት። ስልክ ደውላ፣ «ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ ነገር ይሁን ብዬ ዝም አልሁ፤ አሁን ግን የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ደነዘዙ። ትናንት እሾህ ተሰክቶበት ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ትንሿ ጣትና ከአጠገቧ ያለችው ናቸው። አባቴ ገበሬ ነው። እርፍ የሚጨብጠው፣ ማጭድ የሚይዘው በዚያ እጅ ነው። ያ እጅ ከሌለ አባቴ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግሁም። ስለዚህ ቶሎ እንዲመጣ አጣደፍሁት።

እዚህ ላይ የአባቴን ጠባይ ልናገር፤ የአገሬውም ሰው ጠባይ ነው። አባቴ ሦስት ጊዜ ካልተጠየቀ ሕመሙን አይናገርም። መጀመሪያ ሲጠይቁት «እግዜር ይመስገን» ይላል። ሁለተኛ ሲጠይቁት «ደኅና ነኝ፤ ምን እሆናለሁ» ይላል። ይህ ለእሱ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም። ጠያቂው ገና ሳይደላደል መከራ ማራገፍ ፈጣሪንም ማማረር፣ ሰውንም ማስጨነቅ ይመስለዋል። የመንደር ሰው ይህን ስለሚያውቅ በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ቁጭ ይላል፤ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ስለ ከብቱ ያወራል። ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው? ምን ሆነሃል?» ይላል። እውነቱ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙም አነጋገሩ የዚሁ የእኛው አገር ስለነበር ይህን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።

ክሊኒኩ የግል ነው፤ ስሙን አልጠራም። ጠባብ ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተደርድረን አረፈድን። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ተራችን ደርሶ ስንገባ ዶክተሩ ከጠረጴዛው ኋላ ነበር፤ ጎልማሳ፣ ንጹሕ ሰው። ልብስ ሰፊ ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ኮሌታው ላይ ነው። ጥሩ ስፌት ነበር።

«ምን ሆኑ?» አለ። የጠየቀው እኔን ነው።

«ጀርባቸው ላይ ነጭ ነገር ወጥቶባቸው...»

«ይግለጡት።»

አባቴ ጋቢውን አውርዶ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ልዝጋው አልዝጋው እያልሁ ስወዛገብ ዶክተሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ወደ አባቴ ጀርባ አበራ። በቫዝሊን የወዛው ጀርባ አብለጨለጨ።

«ያሳክክዎታል?»

«እግዜር ይመስገን» አለ አባቴ።

«ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«ደኅና ነኝ ጌታው፤ ምን እሆናለሁ።»

ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አባቴም ሲጠብቅ አየሁት፤ ሸሚዙን ይዞ እንደቆመ ፊቱን ወደ ዶክተሩ መለስ አድርጎ ነበር። ዶክተሩ ግን መጻፍ ጀምሯል።

«ዶክተር፣ ጣቶቻቸውም...» አልሁ።

«እህቴ፣ የመጣችሁት ለቆዳ ነው ለጣት?» አለ ቀና ሳይል። «የአጥንት ሐኪም ሌላ ነው። ይህ ቋቁቻ ነው። ጠዋትና ማታ ይቀቡት።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ከመሳቢያው ማኅተም አወጣና ወረቀቱን መታው። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ በሩን እያየ፣ «ቀጣይ!» አለ።

እኔ ዝምተኛ ሴት አይደለሁም። ጨርቅ ለክቶ ያጎደለብኝን ነጋዴ ገበያ መሐል አፉን አስይዣለሁ። ሰው ደራርቦ የሚጭን የሚኒባስ ረዳት ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ያን ዕለት ግን፣ እንኳን ልቆጣ፣ «አንዴ እጁን ይዩልኝ» ማለት አቅቶኝ ወረቀቱን ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልን» ብዬ ወጣሁ። ነጭ ጋውን ሳይ አፌ ይተሳሰራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ራሴን ግን ለዚህ ይቅር አላልሁትም።

ውጭ ስንደርስ አባቴ ቆመ።

«አልነካኝም» አለ።

«ማን?»

«ሐኪሙ ነዋ። በጣቱ እንኳን አልነካኝም። ሲያየኝ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፤ አላየሽም?»

«ማኅተም ሊያወጣ ነው አባዬ! ቋቁቻ ነው አለ እኮ፤ አልሰማህም?»

«ሰማሁ» አለና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናነበ።

የአባቴን ሐሳብ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እሱ የሰማው የሐኪሙን አፍ ሳይሆን እጁን ነበር። በእሱ ዘመን ገላው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶበት ሰው ያልነካው እንደሆነ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ስሙን ግን አባቴ በአፉ አይጠራውም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚለው። ሐኪሙ ችኩል ሆኖ እንጂ ተጸይፎት አልነበረም። አባቴ ግን ችኮላ የሚባለውን ነገር አያውቅም፤ ፍርድ እንደተፈረደበት ቆጠረው። «ሐኪሙ ሰው ነው፤ ቋቁቻ ያለው ሊያባብለኝ ነው» ብሎ ለእናቴ ነገራት። ቅባቱን ሳይከፍተው ከቆጡ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናቴ በስልክ እየነገረችኝ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ መኝታውን ለየ። ቀጥሎ ማኅበር ሲወጣ የራሱን ጣሳ ይዞ መሄድ ጀመረ። ሁሉም ከአንድ ጽዋ እየተቀባበለ ሲጠጣ እሱ ከጣሳው ይጠጣል። «ምነው አያ?» ሲሉት «ስእለት አለብኝ» አላቸው። ሁለት ወር እንዲህ አድርጎ በሦስተኛው ቀረ። ተራው ደርሶ ማኅበሩ ከእሱ ቤት ሲወጣ ደግሞ እናቴ ስትደግስ ዋለች፤ እሱ ከጓሮ ካለው የከብት ቤት ቁጭ ብሎ ጸሎቱን ከግድግዳው ወዲያ ሰማ። ሠላሳ ዓመት ያልተጓደለበትን ማኅበር ማለት ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ተቆጣሁት። ለፋሲካ፣ በግጭቱ የተዘጋው መንገድ ተከፍቶ ስሄድ ልስመው ብጠጋ ትከሻውን ብቻ ሰጠኝ። «የተማረ ሰው ቋቁቻ ነው እያለህ አንተ ራስህን ገድለህ ትቀበራለህ?» ብዬ በዓል ቀን ጮህሁበት። ሐኪሙን አምኜ ነው? እውነቱን ልናገር፤ ማመን ስለፈለግሁ ነው። ጣቶቹ በዚያ ጊዜ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀምረው ነበር። አይቻቸው እርጅና ነው አልሁ። ዓይኔ እያየ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ዓመቱ አለፈ። በግንቦት፣ ከእርሻ በፊት፣ አባቴ ማረሻውን ሊያስመታ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደ። ብረቱ ከእሳት ወጥቶ ቅላቱ ጠፍቷል፤ ግለቱ ግን አልበረደም። አባቴ ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ አነሣው። አንሥቶም ቆሞ ወሬውን ቀጠለ። ቀጥቃጩ «አያ! እጅዎ! እጅዎ!» ብሎ ሲጮህ እንኳን ምን እንደሚያስጮኸው አልገባውም። ሽታው ነው የነገረው።

ጤና ጣቢያ አጥበው ጠቀለሉለትና ቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ አሉት። «አይቶኛል አንድ ጊዜ፤ ይበቃኛል» አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቢ አለ። እኔ ራሴ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። በሕይወቴ እግሩ ላይ ወድቄ አላውቅም። ያን ጊዜ ጋቢውን አነሣ።

በዚህኛው ጉዞ ገላውን የማጥብበት ጊዜ አልነበረም። መንገድ ላይ ብዙ ቆመን ጎንደር ስንደርስ ረፍዶ ስለነበር ከመናኸሪያው በቀጥታ፣ አቧራችንን እንደተሸከምን፣ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ሄድን። ያየችን ወጣት ሴት ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። ተስፋ አልነበረኝም። አባቴ ገብቶ ከበሩ አጠገብ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ ቆመ።

እሷ ተነሥታ መጀመሪያ በሩን ዘጋችው።

«አያ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዜር ይመስገን።»

ወንበር አቅርባ አስቀመጠችው። እሷ ዝቅ ያለች በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ዘንድሮ ምን ሊዘራ እንዳሰበ ጠየቀችው። ውጭ ሰው ተሰልፏል፤ አሁን «ቀጣይ» ልትል ነው እላለሁ።

«እና ጤናዎስ?»

«ደኅና ነኝ፤ ምን እሆናለሁ።»

አፌን ከፈትሁ። እሷ ወደ እኔ ሳትዞር እጇን አነሣ አድርጋ፣ «ቆይ እህቴ፤ እሳቸው ይንገሩኝ» አለች። ከዚያ የተጠቀለለውን እጁን ወደ ራሷ ወሰደችው። አባቴ ሊሰበስበው ሞከረ፤ አልለቀቀችውም። ጨርቁን ቀስ ብላ ፈታች። ቁስሉ ጠግጓል፤ ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀርተዋል። ያን እጅ፣ ጓንት ሳታደርግ፣ ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አያ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምነው? ምን ሆነዋል?»

አባቴ እጁን አየ። የእሷን እጆች አየ።

«ደኅና አይደለሁም፣ ልጄ» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ጣቶቹ ከመቼ ጀምሮ እንደደነዘዙ፣ እሾሁን፣ ብረቱን፣ ጣሳውን፣ ከብት ቤቱን። እኔ የማላውቀውንም ነገራት። የማኅበሩ ዕለት ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ጸሎቱን ሲሰማ፣ አሜን ያለው በልቡ ብቻ እንደነበር፣ ድምፁን ሰምተው ቢያዝኑለት ስለማይፈልግ መሆኑን።

ዓይኑን አስጨፍና በጥጥ ጫፍ እየነካካች «በነካሁዎ ቁጥር ይንገሩኝ» አለችው። ክንዱንም መዳፉንም ስትነካው ዝም አለ። ቆይቶ ዝምታው ያሳፈረው መሰለኝ «አዎ፣ ነክተውኛል» አለ፤ ያን ጊዜ ጥጡ በአየር ላይ ነበር። «አዎ፣ አሁንም» አለ። ሊያሳፍራት ስላልወደደ ነው። እሷ ጥጡን አስቀመጠችና፣ «አያ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት አይደለም እኮ» አለችው። ዓይኑን ገልጦ እንደተያዘ ልጅ ፈገግ አለ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

«ያ በሽታ ነው?» አላት።

«ምርመራውን እንጨርስ። ግን አዎ፣ ሥጋ ደዌ ይመስለኛል» አለችው፤ እጁን እንደያዘች። «መድኃኒት አለው፤ በሽታው ይድናል። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ለሰው ያስተላልፋሉ ብለው አይፍሩ። ከሰው አይለዩ። ማኅበርዎ ይመለሱ።»

እኔን ደግሞ መቼ እንደጀመረው፣ የት ታይቶ እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ቫዝሊኑንም ሳይቀር ነገርኋት። ስለዚያ ሐኪም አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። «ያኔ ስንት ጣት ነበር?» አለች።

«ሁለት።»

አንገቷን ደፋች። ነርቭ ተጎድቶ ሳይቆይ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ እንደሚመለስ፣ ከቆየ ግን በሽታው ሲጠፋ ስሜቱ ተመልሶ እንደማይመጣ አስረዳችኝ። የአባቴ ሌላው እጅ ይተርፋል፤ ለእሱ መድኃኒት ትሰጠዋለች። ስለ ቀኝ እጁ ግን ጠየቅኋት፤ እኔም በተራዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። ሦስተኛው ላይ «አልዋሽሽም፤ የሚመለስ አይመስለኝም» አለችኝ።

ውጤቱ እንዳለችው ሆነ። መድኃኒት እስኪጀመርለት እኔ ዘንድ ጥቂት ቀን ሰነበተ። በእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ እሱን ቤት ትቼ፣ ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ሄድሁ። ልጮህ ነው የሄድሁት። የምለውን ሁሉ መንገድ ለመንገድ ስደረድር ነው የሄድሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ባለው ሰው ሁሉ ፊት «ሁለት ጣት ነበር! ሁለት ጣት! አንድ ጊዜ ደግመህ ብትጠይቀው ኖሮ!» ልለው ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አልሁ። በሩ ተከፈተና ዶክተሩ ወጣ፤ የዚያኑ ዕለት ሸሚዝ ለብሷል። የት እንዳየኝ ያላስታወሰ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብሎ፣ እያለፈ፣ «ደኅና ነሽ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት።

አለፈ። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ከአባቴ ምን ተሻልሁ? ተነሥቼ መንገድ ላይ ብቻዬን እያለቀስሁ ቤቴ ገባሁ። ሰው ያያል አላልሁም።

አባቴን ወደ አገሩ ልመልሰው አብረን ተሳፈርን። የወር መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁ ጋቢው ላይ፣ በእኔ በኩል አርፏል። አዘዞን አለፍን። ከጠዳ ወጣ ስንል፣

«ሸጋ ልጅ ናት» አለ።

«ዶክተሯ?»

«እሷ ነዋ። ዓመት ከምናምን ሙሉ ሰው እጄን አልያዘኝም። እናትሽን እንኳን ከልክያት ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሊጠይቀኝ እንዳፈረ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ እጇ ይሞቅ ነበር?» አለኝ።

የእሷን እጅ እኔ አልነካሁት። ያን ሁሉ ጊዜ የእሱንም እጅ አልነካሁት፤ ትከሻውን ሲሰጠኝ ተቆጥቼ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ።

«ይሞቅ ነበር አባዬ» አልሁት።

«እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ማሳው ገና አልታረሰም፤ የምናልፈውን ማሳ ሁሉ እንደሚቆጥር ሰው ያያል። እጄን ሰድጄ፣ ጋቢው ላይ ያረፈውን ቀኝ እጁን ጥብቅ አድርጌ ያዝሁት። ማክሰኝት እስክንደርስ አለቀቅሁትም። አባቴ ማሳውን ነበር የሚያየው፤ አላወቀም።